ሦስተኛው ክምር

ጎህ ሳይቀድ አዌቱ ጉሙን ለብሶ ሳለ፣
የዙለይካ ጋሪ ድልድዩ ላይ አለ።
ግራው እግር ጎማ፣ ቀኙ ብረት ብቻ፣
ጭነቱ ከረጢት፣ ላስቲክና ስልቻ።
ሌሊቱን የጮኸ የሳጠማ ውሻ
ጅራቱን ይቆላል፣ ይጠብቃል ድርሻ።
ቤት ለቤት ስትዞር ማንም አያያትም፣
«ቆሻሻ መጣች!» ነው፣ ስሟን አይጠሯትም።

ከኪቶ ማዶ፣ ባሕር ዛፉ ጥግ፣
ሦስት ክምር ትሠራለች።

አንዱን አፈር ያውቀዋል፤
የሙዝ ልጣጭ፣ የጎመን ግንድ፣ የከረመ ወጥ።
ሁለተኛው ባለቤት አለው፤
ቆራሌው ይመጣል፣ ብረቱን ለብቻ፣ ሃይላንዱን ለብቻ
መዝኖ፣ ተከራክሮ፣ ጭኖ ይነጉዳል።

ሦስተኛው ግን፣
ሦስተኛውን የሚጠራው የለም።
የሐጂ ሸምሱ ነጠላ ጫማ፣
ሁለቴ በሽቦ ተሰፍቶ ሦስተኛውን ያልቻለ።
የሕፃን ዳይፐር።
ብስኩቱ ተበልቶ የቀረ ብልጭልጭ ልብስ።
ቀዳዳው ከክሩ የበዛ አጎበር።
የፍራሽ ስፖንጅ፣ ስንት ክረምት ሽንት የጠጣ።
ቢቀብሩት አፈር ይተፋዋል፣
ብትውጠው ላሟን ይገድላታል፣
ወንዙ ቢወስደው ድልድዩ ስር ያንቀዋል፤
ሐምሌ ሲገባ ውሃው ደጃፍ ድረስ መጥቶ
«ይህ የማን ነው?» ይለናል።

ዘንድሮ እዚያው ሜዳ ላይ ቤት ተሠራለት፤
ክዳኑ ቆርቆሮ፣ አንገቱ ረጅም፣ ሆዱ እሳት።
ምድጃው አፍ የሚቆመው አባ ራያ ነው፣
ዳቦ ቤት ያረጀ፣ ክንዱ ላይ ፀጉር የሌለው።
«ያኔ እሳቱ እንዳይበረታ እፈራ ነበር፣
አሁን እንዳይደክም» ይላል።
«ብቻ እርጥቡን አታምጪብኝ፣ ዙለይካ፣
እርጥብ ነገር እሳትን ያስለቅሳል።»
ጅማ ላይ ደግሞ ፀሐይ የብድር ነች፤
ዙለይካ ቀና ብላ ደመናውን ትለምናለች፣
ስፖንጁን ታገላብጣለች፣ አጎበሩን ታሰጣለች፣
እንደ ሙሽራ ልብስ።

ኢንጂነር ኦብሳ ነገሩን በወረቀት ሥሎ አሳያት።
እሳቱ ውሃ ያፈላል፣ እንፋሎቱ መዘውር ያዞራል፣
መዘውሩ በሽቦ ውስጥ የማይታይ ነገር ይነዳል።
ቀስቶቹን በጣቷ ተከትላ
መጨረሻው ላይ አምፖል አገኘች።
«ጋሪዬስ የት አለች?» አለችው።
ሥዕሉ ላይ ጋሪ አልነበረችም።
በእስክሪብቶ ጨመረላት፣
ሁለት እግር ያላት፣ ሁለቱም ጎማ።

ሁሉም ነገር አልተፈታም።
ነፋሱ ወደ መንደር በዞረ ቀን
አባ ራያ አንገቱን አቅንቶ ጭሱን ያያል፤
ከጠቆረ የምድጃውን አፍ ይዘጋል፣
ማጣሪያው እስኪጸዳ ማንንም አይሰማም።

እሳት አመድ ወልዶ ተብሎ ሲተረት፣
እዚህ ውዳቂው ነው የወለደው እሳት።
የልጅ ልጁ ግን ያው አመድ ነው፤
በጆንያ ታስሮ ግድግዳ ተደግፎ ቆሟል፣
አራተኛ ክምር፣
እሱንም የሚጠራው የለም፣ ለጊዜው።

ትናንት ማታ ዝናብ ነበር።
አንድ ሰዓት ላይ መብራት ሄደ፣
እንደ ልማዱ፣ ደህና እደሩ ሳይል።
ወፍጮው ግማሽ ቁና በጥርሱ ይዞ ቆመ።
የልብስ ሰፊው መርፌ ኮሌታ ላይ ተሰክቶ ቀረ።
የጎረቤት ልጅ፣ ሂሳቡን ሲደምር የነበረው፣
አንዱን ይዞ ጨለማው ውስጥ ተቀመጠ።

ቆይቶ ከኪቶ ማዶ
አንድ ነገር በሽቦው ላይ ተሳበ።
«መጣ!» አለ መንደሩ፣ ልጅ አዋቂ ሳይለይ፣
«መጣ! መጣ!»

ዙለይካ በሯ ላይ ቆማ ሰማች።
ጠዋት «መጣች» ያለው አፍ ነው፣
ድምፁን ታውቀዋለች።
ምንም አላለችም። ጓንቷን አውልቃ
ጣሪያው ላይ ያለውን አምፖል አየችው፤
ይበራል፣ ይደክማል፣ ደግሞ ይበራል።

«ይሄስ» አለች፣ «የሐጂ ሸምሱ ጫማ መሆን አለበት፤
እሳቸውም ሲሄዱ እንዲሁ ያነክሳሉ።»