ከአረንጓዴው ሥር

ልዋጭ ባዩ መጣ፣ ዳውዶ ቁልቁለቱን፤
በጣት አጥንቱ መታ ቁምሳጥኑን።
«ዋንዛ ነው» አለና፣ «ግን አርጅቷል፣ ነቅዟል፤
ከማገዶ በቀር ለምን ይበጃችኋል?
አንድ ሳፋ ልስጥሽ፤ ሰማያዊ ሳፋ።»
እናቴ ዝም አለች። የኔም መልሴ ጠፋ።

ሳፋው ያምር ነበር፣ ይህንን አልክድም፤
የእኛው ተሰንጥቆ ውሃ አይቋጥርም።

ግን ያ ቁምሳጥን ነው፣ በዚያ ክፉ ኅዳር
ዕቃው ተጭኖ ሲያልቅ የቀረው ለምስክር።
ፍራሹ ተጠቅልሎ፣ ብረት ድስቱ ወጥቶ፣
የአባቴ ሲንጀር ከነእግሩ ተጎትቶ፣
እሱን ግን አራት ሰው ቢገፋው፣ ቢገፋው
በሩ አላሳለፈው።
(አባቴ ልብስ ሰፊ ነው፣ የበር ልክ አያውቅም፤
ቁምሳጥኑ ገብቶ ሠራው፤ ከዚያ ወዲህ አያስወጣም።)
በንዴት በሰደፍ አንዴ መትተውት ሄዱ፤
ስንጥቁ ይኸውና፣ እዚህ፣ ከግራ ክንዱ።

በማግስቱ ወረድኩ ሙህዬ ሱቅ ፒያሳ፤
ብርጭቆ ወረቀት፣ ብሩሽ፣ ቢጫ ቀለም ጣሳ፣
አኳራጅ በሃይላንድ፣ ስቱኮ በፌስታል።
«ቢጫው ይደምቃል ወይ?» ስለው፣ «አብሽሪ» ይላል፣
«ጦሳ ጉም ሲለብስም ከሩቅ ይታያል።»

ፍተጋው ቀላል መስሎኝ!
ክንዴ ዛለ፤ አቧራው ቅንድቤን አሸበተ፤
ቡኒው ተፈርፍሮ አረንጓዴው ተከፈተ።
የዚያን ዘመን አረንጓዴ፤ የቀበሌው በር ዓይነት፣
የዕድሩ ዕቃ ቤት፣ የጎረቤት መስኮት።
አንድ በርሜል ነው አሉ፣ ከመሥሪያ ቤት የተረፈ፣
ሰፈሩን በሙሉ ዩኒፎርም አልብሶት ያለፈ።

ከአረንጓዴው ሥር ግን፣ ከማጠፊያው አጠገብ፣
ሌላ አለ። ሰማያዊ? ውሃማ? ለማንበብ
መነጽር ያሻዋል። ጎንበስ ብዬ ሳየው
ቀለሙ ላይ ያለው የአውራ ጣት አሻራ ነው።
ትንሽ። ቀጭን። ሳይደርቅ የተጫነ።

«እማ!» አልኳት።
መጣች። በሻሿ ጫፍ አቧራውን ጠረገች።
ብዙ ቆየች።
«እኔ ነኝ» አለች።

«ከሐይቅ ተድሬ ስመጣ፣ ገና ሃያ ሳይሞላኝ፣
ይህ ጉማም አገር ደርሼ ሆድ ሆዴን ሲበላኝ፣
ከመህሬ ላይ ቀንሼ ቀለም ገዛሁ፣ አስደባለቅሁ፤
'ውሃው ሲነጋ እንደሚሆነው፣ ነፋስ ሳይነካው' አልሁ።
ሰው ሳቀብኝ። እኔ ግን የመንደሬን ሐይቅ ግድግዳ ሥር አቆምኩት፤
ወላሂ፣ ስድስት ዓመት ጠዋት ጠዋት አየሁት።
ከዚያ ይማም አንድ ቀን፣ ከገበያ ስመለስ፣
አረንጓዴ አርጎ ጠበቀኝ፤ ፂሙ በቀለም እስኪርስ።
'በነጻ ነው' አለኝ።
አልጠየቀኝም።»
አላህ ይዘንለትና፣ አሁንም አልረሳችም።

አውራ ጣቷን ወስዳ አሻራው ላይ አኖረች፤
አልገጠመም። ጣቷ አብጧል። ሳቀችና አነሳች።

ቢጫው ጣሳ እስካሁን እንደታሸገ ነው።
ሙህዬ ሦስቴ ደባልቆ ሦስቴ «አይደለም» ስትለው፣
በአራተኛው ማማሰያውን ከእጁ ነጠቀችው።

ስንጥቁን ለትዝታ ልተወው ብዬ ነበር።
«ድፈኚው፣ ጦይባ» አለች።
«ማስታወስ የሰው ነው፤ እንጨቱ ይርሳ፣ ይረፍ።»

የደሴ ጉም ቀለም አያስቸኩልም፤
በአራተኛው ቀንም ጣት ይይዛል፣ አይለቅም።
እሷም ከማጠፊያው ዘንድ፣ ሰው ያላየ መስሏት፣
ያበጠ አውራ ጣቷን ጫን አደረገችበት።

ልዋጭ ባዩ መጣ ደግሞ በሳምንቱ፤
ሊያንኳኳው ዘረጋ፣ ፈርታ ቀረች ጣቱ።
«ስንት ትሉታላችሁ?»
«አልደረቀም» አለችው።

ይኸው ረመዳን አልፎ፣ ክረምት ወጥቶ፣ ጥር ገብቷል፤
ሰውየው በወር አንዴ ብቅ ይላል፣ ይጠይቃል።
«አልደረቀም» ትለዋለች፣
ከሱው በገዛነው ሳፋ ልብስ እያሸች።