ዕጢና ዕጣ

ሳስካቱን፣ በጥር፤ ከምድር በታች ያለ ክፍል፣
መስኮት የለው፣ ወሬ የለው፤ የቀይ አምፖል ጭል ጭል።
ወንዙ ውጪ ይጨሳል፣ ጀርባው በረዶ ተጋግሮ፤
ሠላሳ ሁለት ከዜሮ በታች፤ ጥርስ የሚያሰማ ከበሮ።
እዚህ ግን ሙቀቱ ልክ ነው፣ ሃያ ሁለት፣ ሳይዛነፍ፤
ለአይጦቹ ነው፤ እኔንማ ሲነጋ ብርዱ ያርግፍ።

መቶ ሃያ ያረጁ አይጦች፣ በየሳጥኑ ሁለት ሁለት፣
ጀርባቸው የጎበጠ፣ ጆሯቸው የሳሳ እንደ ወረቀት፤
የሁለት ዓመት ሽማግሌ! አንዳንዱ ዓይኑ ሞራ ለብሶ
ከእንጨት ፍቅፋቂው ይገባል፣ ግድግዳውን ዳብሶ ዳብሶ።

ሥራዬ ይኸው ነው፤
መመዘን፣ መውጋት፣ በሁለት ጣት ቆዳቸው ሥር መዳሰስ፤
ያበጠ ካለ መጻፍ፤ ከሌለም ጽፎ መመለስ።
“ግራ ብብት፣ የምስር ፍሬ።” “ቀኝ ጡት፣ ሽምብራ።”
(ወረቀቱ ሚሊሜትር ይላል፤ ጣቴ በእህል ነው የምታወራ።)

ጠርሙሱ ሁለት ዓይነት ነው፤ ሰማያዊ ክዳን፣ ነጭ ክዳን።
የትኛው ምን እንደያዘ እኛ ወጊዎቹ አናውቅም።
አንዱ የጨው ውሃ ነው፤ አንዱ ግን ከአንጎል መሀል፣
ብርሃን ከምትፈራው፣ የጥድ ፍሬ ከምትመስል
ከዚያች ሚጢጢ ዕጢ የተቀዳ
የአራት ዶቃ ክር ነው። ፕሮፌሰር ሃልቮርሰን ሲያስረዳ፣
“እርጅናን ያዘገይ ይሆናል፣ ዕጢን ያከስም ይሆናል” አለ፤
“ይሆናል”ን ሁለቴ አለ፤ ጨዋ ሰው ነው፤ አልማለ።

በእኔ ቋንቋ ለሁለቱም ያለን አንድ ቃል ነው፤ ዕጢ።
ሌሊቱን የምታበስረውም፣ ሰው የምትጨርሰውም፣ ያው ዕጢ።
ማን ጨው፣ ማን ዶቃ እንደሚወጋ የለየው ደግሞ ዕጣ፤
ከዕጢ የሚለየው በአንድ እግር ነው፤ ጢ ተነሥታ ጣ ስትመጣ።

*

ማርሊስ ፍሪሰን ሳጥን አጣቢ ናት፣ ሠላሳ አንድ ዓመት፤
ትርንጎን “ትሪንጎ” ትላለች፤ አላረምኳትም፤ ለመድኩት።
አንድ ሌሊት መጣች፤ ጓንቷን አውልቃ፣ በሩን ዘግታ፣
“ጣትሽ ያውቃል” አለችኝ፤ እጄን ከብብቷ ሥር ከትታ፣
“ከምትጽፊያቸው የቱን ይመስላል?”

ባቄላ ነበር። ጠንካራ። ከሥሩ የማይነቃነቅ።
ወረቀቴ ላይ ዓምድ የለውም፤ የሳጥን ቁጥሩ አይታወቅ።

“ፍሪጁ ውስጥ፣ ሁለተኛው መደርደሪያ፤ አንዲት ጠብታ፤
ለአይጥ የሆነ ለእኔ አይሆንም?” እንደ ቀልድ ጀምራ፣ ፈርታ።
“የቱ የቱ እንደሆነ አላውቅም፤ ጨው ሊሆን ይችላል።”
“ጨውም ቢሆን” አለች፤ “እጅ አጣጥፎ ከመቀመጥ ይሻላል።”

አልሰጠኋትም። (ይህን መስመር ሦስት ጊዜ ሰርዤ ጻፍኩት።)
ቁልፉ ኪሴ ውስጥ ነበር፤ እስኪነጋ በአውራ ጣቴ ፈተግኩት።
“ነገ ሐኪም ጋ አብረን።” “ነገ ቅዳሜ ነው” አለች፤
“ሰኞ” አልኩ። “ሰኞ” አለች፣ ጓንቷን እያጠለቀች።

*

አርባ ሰባት ቁጥር የምትባል ነበረች፤ ሰማያዊ ክዳን፤
የሳጥን ጓደኛዋ ሞታ ብቻዋን የቀረች፤
ጣቴ ከቆዳዋ ሥር ሁልጊዜ ባዶውን ይመለሳል።
ማርሊስ ከሆስፒታል ስትደውል ከራሷ በፊት እሷን ስትጠይቅ፣
“አርባ ሰባት በላች?” “በላች።” “እኔም በላሁ” ትላለች፣ ስትስቅ።
እንግዲህ ዶቃው ሰማያዊው ነው! ሌላ ምን ሊሆን ነው?
ተስፋ ሲያሰላ እንዲህ ነው፤ መልሱን አስቀድሞ ጽፎ ነው።

በሚያዝያ ፖስታው ተከፈተ። ሃልቮርሰን መነጽሩን አወለቀ።
ሰማያዊው ጨው ነበር።
በጨውና በዶቃ መሀል ያለው ልዩነት ከጠጉር ቀጠነ፤ ሐሳባችን ደቀቀ።
“ተጨማሪ አይጥ ያስፈልገናል” አለ።
ደግሞም ልክ ነው። ያስፈልገናል።

*

በግንቦት ማርሊስ ተመለሰች፤ የሱፍ ቆብ ደፍታ፣ ከስታ።
“የቱ ነበረች?”
“ጨው።”
ሳቀች፤ እስክትስል፣ እስክታነባ፣ የሳጥኑን ጋሪ ተደግፋ፤
“ጨው! ያቺ አሮጊት! ጨው!”
አርባ ሰባት ከፍቅፋቂው ብቅ አለች፣ ምን ጩኸት ነው ብላ።

ከምሽቱ አንድ ሰዓት። ነጩ መብራት በራሱ ጠፋ።
ውጪው ገና ብርሃን ነው፤ የግንቦት ምሽት እዚህ አይቸኩልም።
በሦስታችንም አንጎል ውስጥ፣
በማርሊስ፣ በእኔ፣ በአርባ ሰባት፣
ማንም ሳይወጋት፣ ማንም ሳይጽፋት፣
ያቺ ትንሽ ዕጢ ሥራዋን ጀመረች።