የጩኸት ፊደል

ቶሌዶ፣ ኦሃዮ። ሦስተኛ ፎቅ፣ ችሎት ቁጥር ሰባት።
የማሞቂያው ቧንቧ ሌሊቱን ሲያንኳኳ አድሮ ደክሞት
ጠዋት ላይ ያቃስታል።
ሃያ ሁለት ዓመት እዚህ ወንበር ላይ ነኝ፤
ሰው አፉን ሲከፍት ጣቴ ይሮጣል።
ሥራዬ መጻፍ ነው፦ የተባለውን ብቻ፣ እንደተባለው።
ሳል አልጽፍም። እንባ አልጽፍም።
ዳኛዋ ስታዛጋ መክተቢያዬ ዝም ነው።

መዝገቡ ተጠራ፦ ኦዴሳ ፕሩዊት።
የስልሳ አንድ ዓመት ሴት፣
የሆስፒታል አንሶላ አጣቢ፣ የሌሊት ፈረቃ።
ክሱ ባለ አንድ መስመር፤ ቃሉ ግን ሰፊ ነው፣ እንደ ውሰት ካፖርት
ለደረበው ሁሉ የሚበቃ፦
«ፀጥታ ማደፍረስ።»

ፖሊስ ስቴንገር ቆሞ፣ እጁን አንሥቶ ማለ።
«ሌሊት ስምንት ሰዓት ገደማ ነው» አለ፣
«በነጠላ ጫማ፣ በበረዶ ላይ፣
መኪናዋን የሚጎትተውን ተከትላ ስትጮህ፣ ስትወናጨፍ፤
ዝም በይ ብላት እንቢ አለች።»
ጠበቃዋ ገና ልጅ ነው፣ ክራቫቱ ጠማማ፤
«ምን ያህል ጮኸች?»
«ብዙ።»
«ብዙ ስንት ነው? በምን ለኩት? ማን ነቃ? ማን ሰማ?»
«እኔ።»
«ምን ነበር የምትለው?»
«ጫማ… ጫማዬን ምናምን። ስድብም ነበረበት።»
ጻፍኩ፦ ብዙ። ጻፍኩ፦ እኔ። ጻፍኩ፦ ምናምን።

እኔን የሚጨንቀኝ እዚህ ላይ ነው።
በወረቀቴ ላይ ጩኸትና ሹክሹክታ ቁመታቸው እኩል ነው፤
«ጫማዬን» ብትል በለሆሳስ፣
«ጫማዬን» ብትል ሰማይ እስኪፈርስ፣
ያው አራት ፊደል ነው።

ጥቅምት ላይ፣ ቡድናችን ያሸነፈ ቅዳሜ፣
ከመስኮቴ ሥር ሺህ ጎረምሳ
ቆርቆሮ ሲደበድብ፣ ምሰሶ ሲወጣ፣ ሶፋ ሲያቃጥል ነጋ።
ፈረሰኛው ፖሊስ ፈገግ እንዳለ ነበር፤
አንዱ ቢራ ጋበዘው፣ ሌላው ፈረሱን ዳሰሰ።
ሰኞ ችሎት ገባሁ፤
ማንም አልተከሰሰ።
ደስታ ነው ተባለ። ለካ ደስታ ድምፅ የለውም።

የደፈረሰ ነገር፣ ፊት የጠራ ነበረ ማለት ነው።
ታዲያ የማን ምንጭ ነው?
ማን ከላይ ማን ከታች ቆሞ የሚጠጣው?
ያ ጎታች መኪና፣ ሰንሰለቱ፣ ሞተሩ፣ ቢጫ መብራቱ፣
ሰፈሩን ከእንቅልፉ ያናወጠውሳ?
እሱ ፈቃድ አለው።
ፈቃድ ያለው ጩኸት ሥራ ይባላል፤
ፈቃድ የሌለው፣ ኦዴሳ።
ሳያመካኝ የሚበላ ጅብ ቢሆን በተሻለ፤
ይኼኛው ማመካኛውን አንቀጽ ሰጥቶ፣ ቁጥር ሰጥቶ፣
ሦስተኛ ፎቅ አውጥቶ ሰቀለ።

ዳኛዋ ክፉ ሰው አይደለችም። እስከ ምሳ ሠላሳ አራት መዝገብ አለባት።
መነጽሯን አወለቀች።
«ጥፋተኛ። መቶ ሃምሳ ዶላር፤ የችሎት ወጪ ሰማንያ አምስት።
የሚሉት አለ?»

የኦዴሳ ከንፈር ተንቀሳቀሰ።
በመካከላችን የአንድ ጣውላ ስፋት ነበር፤ እኔ ሰማኋት።
«የሥራ ጫማዬ እስካሁን መኪናው ውስጥ ነው፤
ማስለቀቂያው ሁለት መቶ ነው አሉኝ።
ይኼ የልጄ ጫማ ነው።»

«ምን አሉ?» አለች ዳኛዋ።
«ጮክ ብለው ይናገሩ።»

ኦዴሳ ፖሊሱን አየችው።
ዳኛዋን አየቻት።
አፏን ዘጋች።

ደንቡ ግልጽ ነው፤ ለችሎቱ ያልደረሰ ቃል በቅንፍ ይገባል።
ስንት ሺህ ጊዜ ጣቴ ሳያይ መትቶታል፤
ያን ጠዋት ግን ዘገየ። ቧንቧው አንኳኳ። ጠበቃው ወረቀቱን ሰበሰበ።
መታሁት፦

(አልተሰማም)

ቀጣዩ መዝገብ ተጠራ፤ እሷ ወደ በሩ።
ሁለት ቁጥር የሚሰፋት የወንድ ጫማ
በዚያ ሁሉ ፀጥታ መሐል፣ በእብነ በረዱ ላይ፣
ቧ፣ ቧ፣ ቧ እያለ።