የመሰላሉ እግር

እኔ ፍጥነት ሻጭ ነኝ፤ ቦርሳዬ በውል የተሞላ፣
«ሦስት ወር በነፃ» ይላል፤ ክፍያው ይመጣል ኋላ።
ከሌይዳ አውቶቡስ ይዤ፣ ዳገቱን በእግር ጨርሼ፣
አርባ ቤት ካላት መንደር፣ ከለውዝ ዛፎቹ ደርሼ
በር ማንኳኳት ጀመርኩ።
          ድርጅቴ ከዓመታት በፊት
«አታዋጣም» ብሎ ትቷት፣ በካርታው ነጭ ሆና የቀረች ናት።

እነሱ ግን ከደወሉ ጎን አንቴና ሰቅለው፣
ጎረቤት ከጎረቤት እሳት እንደሚጫጫረው
ምልክቱን ከጣራ ጣራ ይቀባበሉታል።
ወርሃዊ ሂሳብ የለም። «ተራ አለ» ይሉታል።

ሬሜይ ከፈተችልኝ። ሰባ ዓመት ሳይሆናት አይቀርም፤
ግራ ጉልበቷ በፋሻ፣ ዓይኗ ግን ሻጭ አይፈራም።
«ፍጥነትህ ስንት ነው?»
          «ሦስት መቶ።»
«የኛ ሃያ» አለች፣ «ኳስ ባለ ማታ ደግሞ ወርዶ
ስምንት ይሆናል፤ ጎሉን በራዲዮ ሰምተን፣ ጨፍረን፣
እራት አቅርበን ስንመለስ ነው ስክሪን ላይ የሚገባልን።»

ለዚህ ሥልጠና ወስጃለሁ፤ መልሱን በቃሌ አውቃለሁ፦
«ነፃ ነገር ጌታ የለውም እመቤቴ፤ እኛ ዘንድ ግን እኔ አለሁ።
ቢበላሽ ማን ይጠየቃል? ማን ስልክ ያነሳል በሌት?»
ፋሻውን በጣቷ ነካች።
          «ነፃ ነው ብሎ ማን ነገረህ?
በየካቲቱ በረዶ ከደወል ቤቱ የወደቅሁት፣
ይኸው ደረሰኜ። እኔ በጉልበቴ ነው የከፈልኩት።»

ሌሎቹ ግን ፈረሙልኝ፤ አሥራ አንድ ቤት እስከ ዘጠኝ ሰዓት።
ስብሰባው ሰልችቷቸዋል፣ እሁድ እሁድ ጣራ መውጣት።
ከኔ የገዙት መርሳትን ነው፦
ከፍሎ፣ ገመዱን ማን እንደዘረጋው አለማወቅን።

ፌሪዮል አሥራ ሁለተኛው። ድምፁን ዝቅ አድርጎ፦
«ልጄ የምትሠራው ከቤት ነው፤ ስምንቱ የት ሊያደርሳት?
ለሬሜይ ብቻ አትንገራት።»
ከጣራው ላይ አንቴናው ቢወርድ፣ ከሱ በታች ያሉ ሦስት ቤት
እንደሚጨልሙ ያውቃል። እኔም አውቄ እስክሪብቶ አቀበልኩት።

አመሻሽ ላይ ውሎቹን ለቢሮ ልልክ ብል፣
የራሴ ድርጅት መስመር ከዚህ ሸለቆ አይዘልቅም።
ስልኬ ላይ አንድ ስም ብቻ መጣ፣ የይለፍ ቃል የማይጠይቅ፦
«ተራህ ነው» ይላል።

ገባሁበት። ውሎቹ አንድ በአንድ፣
ዳገት እንደያዘ ሽማግሌ እያረፉ፣
አሥራ አንዱ ቀስ ብለው አለፉ።
የፌሪዮል ላይ ሲደርስ ቆመ።
ክቡ ይዞራል። ይዞራል።

ቀና ስል ሬሜይ፣ ከደወል ቤቱ ሥር፣ መሰላሏን አስደግፋ፦
«አንተ ሰውዬ! ነፋሱ አንቴናውን አዙሮታል፤
ና እግሩን ያዝልኝ።»
          ቦርሳዬን ጭቃው ላይ አኖርኩ።
ዝናብ ጀምሯል። ያዝኩላት።
እሷ ከላይ ብሎን ስታጠብቅ፣ ኪሴ ውስጥ ስልኬ ነዘረ፤
ውሉ ተልኮ ይሁን፣ ወይ ሌላ፣
ሁለት እጄ መሰላሉ ላይ ነበረ።