ወደ ግራ

በታዝማንያ ሰኔ ውርጭ ነው። ሁዎን ወንዝ ዳር
ሣሩ እንደ ብርጭቆ ይሰበራል ከጫማ ሥር።
የቆጡን በር ስከፍት አራቱ ወረዱ፣
እየተጋፉ ወደ ጥሬያቸው ነጎዱ።
ዱልሲ ብቻ ቀረች ጭዱ ላይ ተጋድማ፣
አንድ እግሯ ወደ ፊት፣ አንድ እግሯ ወደ ኋላ፣ አንገቷ ተጣማ።

ዐርባ ዓመት ጀልባ ሠርቻለሁ።
ያዘነበለ ጀልባ ሳይ ምክንያቱን አውቃለሁ፤
ወይ ጭነቱ ወደ አንድ ጎን ተንሸራቷል፣
ወይ ከሥር ውኃ ገብቷል።
ይቺን ግን አንስቼ ባገላብጣት፣
ክንፏን ዘርግቼ ሆዷን ብዳብሳት፣
ቀዳዳ የላት። ስንጥቅ የላት።
ልቧ ብቻ መዳፌ ውስጥ፣ እንደ ትንሽ ሞተር
ወደቡ እንደራቀው፣ ሳያርፍ ሲዞር።

ዶክተር ታምሲን በስልክ፦ «ማሬክስ ከሆነ መድኃኒት የለውም፤
ቫይታሚን አንሷት ከሆነ ግን፣ ተስፋ አይቆረጥም።
ከሌሎቹ ለያት። ውኃ በጠብታ።
ሳምንት ጠብቅ» ብላኝ ዘጋችው በዝግታ፣
በሽተኛ የተኛበት ክፍል በር እንደሚዘጋ።

ከመጨረሻው ጀልባዬ የተረፈች ሸራ ነበረች፤
ለእግር ሁለት ቀዳዳ ወጣላት፣ ዙሪያዋን ተዘመዘመች።
ሁለት ወንበር መሀል ወጥሬ አሰርኋት፣
ዱልሲን በቀስታ ከላይ አስቀመጥኋት።
ጥፍሮቿ ወለል ነኩ፣ ክብደቷን ሸራው ያዘላት፤
አዲስ እንደተሾመ ዳኛ ክፍሉን ገረመመችው።
የእህቷን እንቁላል ቀቅዬ አስኳሉን በማንኪያ ባቀርብላት
ሳትጸየፍ ዋጠችው።
ማታ ተኝታ እንኳ ምንቃሯ ሲለቅም አየሁ፤
ጥሬ እያለመች ነው አልሁ።

መርል በሩን ተደግፋ ታየኛለች።
«በዚህ ገንዘብ ስድስት ቄብ ይገዛል» ትላለች።
አባቷ ገበሬ ነበር፤ የታመመች ዶሮ
በመጥረቢያ እንጂ በማንኪያ አይቀርባትም ዞሮ ዞሮ።
በሩን ተደግፋ።
መደገፏን አየሁ፤
ለምን እንደሆን አልጠየቅሁ።

ሐሙስ ሌሊት ከጎኔ አልጋው ቀዝቅዞ ነቃሁ፣
ከልብስ ማጠቢያው ክፍል ሹክሹክታ ሰማሁ።
መርል ወለሉ ላይ እግሯን ዘርግታ፣
ዱልሲን በአሮጌ ፎጣ ጠቅልላ ጭኗ ላይ አስተኝታ፣
በመርፌ አልባ ስሪንጅ፣ ከምንቃሯ ጥግ፣
ጠብ ታደርጋለች። ደግሞ ጠብ። ደግሞ ቆም።
«እኔም እኮ ማክሰኞ ወደቅሁ፣ የውኃው ታንከር ዘንድ።
ምንም አላደናቀፈኝ፤ መሬቱ ነው የሸሸኝ፣ ድንገት።
ሰማይ ሰማዩን እያየሁ ቆየሁ፣
ጉንዳን ሲሄድብኝ ነው ሕያው መሆኔን ያወቅሁ።
ለክላይቭ አልነገርሁትም፤ አንቺም እንዳትነግሪው።
በሸራ እንዳያንጠለጥለኝ ነው የምፈራው።»

ዱልሲ አንድ ዓይኗን ጨፈነች።

እኔም በባዶ እግሬ ወደ አልጋዬ ተመለስሁ፤
እስኪነጋ፣ የተኛ ሰው አተነፋፈስ ተነፈስሁ።

ጠዋት ከጎተራው የተረፈኝን የጥድ ሳንቃ አወጣሁ፣
ከወጥ ቤቱ በር እስከ ቆጡ፣ ሃያ ሁለት እርምጃ፣ መደገፊያ ተከልሁ።
«ይሄ ለምንድን ነው?» አለች።
«ለውርጩ፤ ያንሸራትተኛል» አልኋት።
ዝም አለች።
ከዚያ መዳፏን በእንጨቱ ላይ አስኬደች፣
ስንጥር እንደምትፈልግ፣ ከጫፍ እስከ ጫፍ፤
«በደንብ አለስልሰኸዋል» አለች
ፊቷን ሳታዞር።

ማሬክስ ይሁን ቫይታሚን፣ ዛሬም አላወቅንም።
ቅዳሜ ከሸራው አውርደን ሣሩ ላይ አቆምናት፤
ሦስት ራመደች። ወደቀች። ተነሣች፤ ማንም አላነሣት።
ጥሬው ፊት ለፊቷ ነው፤ እሷ ግን ወደ ግራ፣
በአንድ መቅዘፊያ እንደሚሄድ ታንኳ፣
ሎሚውን ዞረች፣ ባልዲውን ዞረች፣
ከኋላው ልትደርስበት ጥቂት ሲቀራት ዐለፈችው።

መርል በአንድ እጇ መደገፊያውን እንደያዘች
በጫማዋ ጫፍ ሳህኑን
ትንሽ ወደ ግራ ገፋችው።