ይነሳብኛል፣ ይተወኛል

ከዊትቢ ወደብ ጥግ፣ ከቤቴ ግድግዳ ኋላ፣
ኦስዊን ጀልባ ይሠራል፤ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሞላ።
አንድ ሰሞን መዶሻው ሌሊቱን ሲያነጋ፣
እረግመዋለሁ እኔ፣ ተገላብጬ በአልጋ።
ከዚያ ጸጥ።
መጋዙ ይዝጋል፤ ድመት ትወልዳለች
ከጀልባይቱ ሆድ ውስጥ።

«እንዴት ነው ሥራው?» ስትለው ዓሣ ሻጯ ሙሪኤል፣
«ይነሳብኛል፣ ይተወኛል» ይላል፣
ስለ ሥራ ሳይሆን ስለ ሕመም እንደሚያወራ፣
ከየጥፍሩ ሬንጅ እየፋቀ በተራ።

ሰው ይስቃል። ባሕሩ ግን በምን አፉ ይስቃል?
እሱም መጣ ሲሉት፣
ጀልባውን ሁሉ ጭቃ ላይ ጥሎ ይርቃል።

ትናንት፣ ከአሥር ወር ዝምታ በኋላ፣
ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት፦ ኳ!
ልረግም አፌን ከፈትኩ፤ ግን ቆጠርኩ።
ስድስት። ሰባት።
ከዚያ ጸጥ።
ጣሪያው ላይ እንዳፈጠጥኩ ነጋ፣
ስምንተኛዋን ስጠብቅ።