ሃምሳ ደቂቃ

ኮምቦልቻ ላይ ነው ሥራዬ፣ ቲኬት እሸጣለሁ፤
"ስንት ይፈጃል?" ለሚለኝ ሰው ሰዓቱን እነግራለሁ፤
መንገድን በደቂቃ ቆርጬ አስረክባለሁ።

መሬማ መጣች ከሐርቡ፣ አንድ ጠዋት፣
በነጠላዋ ጫፍ ቋጥራ አንድ ወረቀት።
ቲኬት አልፈለገችም፤ ቆማ ጠየቀችኝ፣
"ከጅዳ የሚነሣው…" አለችና ዝም አለችኝ።
"ሁለት ሰዓት ከሩብ" አልኳት እንደ ወትሮዬ፣
ዓይኔንም ሳልነቅል ከፊቴ፣ ከሥራዬ።

ሣቀች።
"የኔ እንድሪስ እኮ ሰባት ወር ነው የፈጀበት!"

በባቲ ሰኞ፣ ፍየል ይሸጣል ብላ ሸኝታው፣
በፍየሏ ዋጋ ነው ለካ ደላላ የነዳው።
በሎጊያ አሸዋ፣ በኦቦክ ዳርቻ፣
ሌሊት በእግር፣ ቀን በድንጋይ ጥላ ብቻ፣
ባሕሩን በጀልባ፣ ከዚያ ወዲያ ተራራ ለተራራ፣
እስከ ጂዛን አፋፍ፣ ከሰፈሩ ልጅ ከቶፊቅ ጋራ።

ቶፊቅ ተጠርዞ በአውሮፕላን ሲመለስ፣
ይዞላት የመጣው ቁራጭ ነው፣ ከእንድሪስ ልብስ።
"ቀብረነዋል" አለ። "የት?" "ከድንጋይ ሥር።"
ሌላ አልጨመረም፤ ቋንጃውን ያክ ነበር።

ወረቀቷን ፈታች፤ በቶፊቅ እጅ የተጻፈ የአንድ ሸለቆ ስም።
"አውሮፕላኑ" አለች፣ "በላዩ አያልፍም?
ከልጄ በላይ አልፎ ወደኔ ከመጣ፣
ዱዓ አድርጌ ልቀበለው፣ ከደጄ ልውጣ።"

ግድግዳው ካርታ ላይ ማስመሪያዬን ጣልኩ፤
ከጅዳ እስከ ቦሌ ቀጥ ያለ መስመር ሳብኩ።
መስመሩ ባሕሩን ይዞ ቁልቁል ወረደ፣
በወሎ ሰማይ አድርጎ ወደ ሸዋ ነጎደ።
ጂዛን ግን በስተግራ፣ ከክንፉ ጫፍ ባሻገር፣
አራት ጣት ያህል ርቆ ቀርቶ ነበር።

"አብሽሪ፣ ያልፋል" አልኳት።
ሰዓት የሌለው ነገር አልናገርም፤ ሰዓቱንም ሰጠኋት፦
"በተነሣ በአርባኛው ደቂቃ እሱ ላይ ነው፤
ከዚያ ወዲህ ሃምሳ ደቂቃ ሲሞላው፣
አንቺ ደጅ ነው።"
"ሃምሳ?" በጣቷ ቆጠረች። ከሐርቡ ኮምቦልቻ
በሚኒባስ፣ ወረፋው ተጨምሮ… "ሃምሳ ብቻ?"

ከዚያ ወዲህ፣ ሰዓቱ በተለወጠ ቁጥር ትመጣለች፤
የረመዳኑን ተጨማሪ በረራ ሳይቀር ትጠይቃለች።
በብጣሽ ወረቀት ጽፌ እሰጣታለሁ፤
ነፋስ ያለ ቀን አምስት ደቂቃ እጨምርላታለሁ።
እንዲህ ያለ ጥንቃቄ ለእውነት እንኳ አድርጌ አላውቅም።

ትናንት ማታ፣ ከጅዳ የሚነሣው ዘገየ።
ስክሪኑ ላይ ቀይ ጽሑፍ፤ ዓይኔ ደጋግሞ አየ፤
ሦስት ሰዓት። ምክንያቱ አልተገለጸም።
ልደውልላት አልኩ፤ ስልክ የላትም።
ሐርቡ፣ ከማሽላው ማሳ ዳር፣ ታየችኝ ቆማ፣
ሁለት መዳፏን ዘርግታ፣ የሞተር ድምፅ ልትሰማ።

ቢሮዬን ዘጋሁና ደጅ ወጥቼ ቆምኩ፤
ምንም የማይሄድበትን ሰማይ እያየሁ፣ እስከ ሃምሳ ቆጠርኩ።